ቋሚ አይፒ ከመስጠታችሁ በፊት፦ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ፕሪንተሩ ትናንት ማታ በደንብ ያትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፈልጎ አጣው። ገመዱ አልተነቀለም፣ ቀለሙም አላለቀም። እንዲህ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው አይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ዕቃዎች በኔትወርኩ ላይ የሚገናኙበትን ቁጥር ነው።

የቤት ራውተር ዲኤችሲፒ በሚባል አሠራር ለእያንዳንዱ ዕቃ አድራሻ ያድላል። የሚሰጠው ግን በኪራይ መልክ ነው። ዕቃው የኪራዩ ጊዜ ሲጋመስ ለማደስ ይጠይቃል፣ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ ቁጥሩ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ቋሚ አይፒ የምንለው እኛው ራሳችን ዕቃው ላይ የምንጽፈውን ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ስናደበላልቃቸው ነው።

ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውስጥ ቋሚ ቁጥር መውሰድ

የስህተቶቹ ሁሉ አውራ ይሄ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ራውተሬ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ያድላል። ፕሪንተሩ ላይ 192.168.1.105 ብዬ ጻፍኩ። ለሳምንታት ሰላም ነበር። አንድ ቀን ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሳለ እንግዳ መጣና ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር አገናኘ። ራውተሩ 105 የተያዘ መሆኑን በምን ይወቅ? ለስልኩ ሰጠው። ፕሪንተሩ ሲበራ አንዱ ቁጥር ለሁለት ሆነ። ከዚያ በኋላ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። ጨርሶ እምቢ ቢል ኖሮ ቶሎ እደርስበት ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የራውተሩን ገጽ ከፍታችሁ ከየት እስከ የት እንደሚያድል እዩ። ከዚያ ከክልሉ ውጭ ያለ ቁጥር ምረጡ፤ በእኔ ቤት 192.168.1.20 ይሆናል። ሰብኔት ማስኩ (የትኞቹ ቁጥሮች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ እንደሆኑ የሚወስነው) 255.255.255.0 ከሆነ በ0 እና በ255 የሚያልቁትን አትንኩ። የራውተሩን የራሱን ቁጥርም እንዲሁ።

ቁጥሩን ጽፎ ሌላውን መርሳት

ቋሚ አይፒ ስትጽፉ ሰብኔት ማስክ፣ ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው በር፣ በቤት ውስጥ የራውተሩ ቁጥር) እና ዲኤንኤስም (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው) አብረው ይጻፋሉ። የጎደለውን ከምልክቱ ማወቅ ይቻላል። ቤት ውስጥ ማተም እየቻላችሁ ኢንተርኔት እምቢ ካለ ጌትዌዩን እዩ። ኢንተርኔቱ እያለ ድረ ገጾች በስማቸው አልከፈት ካሉ ዲኤንኤሱን።

ሁሉንም ዕቃ ቋሚ ማድረግ

ስልክና ላፕቶፕ ቋሚ አያስፈልጋቸውም። ላፕቶፑ የቤቱን ቁጥር ይዞ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዋይፋዩ "ተገናኝቷል" ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ቋሚ የሚገባቸው ሌሎች ዕቃዎች ፈልገው የሚመጡባቸው ናቸው፦ ፕሪንተር፣ የጥበቃ ካሜራ፣ ፋይል የምታስቀምጡበት ኮምፒውተር። ፍጥነት ይጨምራል ብላችሁ ከሆነ ደግሞ አይጨምርም።

ሪዘርቬሽንን መዝለል

እኔ አሁን ዕቃው ላይ ምንም አልጽፍም። ዕቃው ራሱ እንዲቀበል እተወዋለሁ፣ ራውተሩ ላይ ግን "ይሄ ማክ አድራሻ ሁልጊዜ ይሄን አይፒ ያግኝ" ብዬ እመዘግባለሁ። ማክ አድራሻ ዕቃው በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት የራሱ መለያ ነው። ሪዘርቬሽን የሚባለው ይሄ ነው። ሁሉም ቁጥር አንድ ቦታ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ግጭት ይቀራል። ራውተር ስትቀይሩ ግን እንደገና መመዝገብ አለባችሁ፣ ዝርዝሩን ፎቶ አንሱት። ስልክ የምትመዘግቡ ከሆነም አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች እውነተኛውን ማክ አድራሻ ደብቀው በምትኩ ሌላ ያሳያሉ። ለቤታችሁ ዋይፋይ ብቻ ይሄን መደበቂያ አጥፉት።

ሁለት ራውተር እንዲያድል መተው

ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ አልደርስ ሲል አሮጌ ራውተር አውጥቶ መጨመር የተለመደ ነው። ሁለቱም አድራሻ ካደሉ ግን ቤቱ ይታመሳል። የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ አጥፉ፣ የራሱን አይፒም ከመጀመሪያው ራውተር አይፒ ለዩት። ገመዱን ደግሞ ኢንተርኔት በሚለው ቀዳዳ ሳይሆን ላን ከሚሉት በአንዱ ሰኩት።

በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ስታዩ ቋሚ ለመጻፍ መቸኮል

ይሄ ቁጥር ከራውተሩ አልመጣም። ዕቃው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው። ቋሚ ብትጽፉበት እውነተኛው ችግር ይደበቃል። መጀመሪያ ገመዱን አጥብቁ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ካልሆነም ራውተሩን አስነሱትና ዕቃው እንደገና ይጠይቅ።