ከትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት ጋር ስንቀመጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤቶች በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የልዩ ትምህርት ስብሰባ ነው። በአንድ በኩል የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት፣ መምህራንና የንግግር ባለሙያ ይቀመጣሉ። በሌላው በኩል ከሥራ በቀጥታ የመጣች እናት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትቀመጣለች። ስለ ልጁ ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከሁሉም ያነሰ የምትናገረውም እሷ ናት።

«ሳይኮሎጂስት» ሲባል ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። «ልጄ አብዷል ወይ?» ብላ ያለቀሰች እናት አይቻለሁ። የዚህ ሰው ሥራ ግን ልጁ እንዴት እንደሚማር መመዘን ነው፤ ትኩረቱን፣ ማስታወሱን፣ ንባቡን፣ ከሌሎች ልጆች ጋር መግባባቱን። መድኃኒት አያዝም። የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ ሳይኮሎጂስት 500 ተማሪ እንዲሆን ይመክራል፤ በብዙ ቦታ የሚይዙት ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን የሚያዩት ለጥቂት ሰዓት ነው። የቀረውን ከእናንተ ይጠብቃሉ።

«አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው»

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ተርጉሜያለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ የልጁ ነው። ልጁ 3 ዓመት ከሞላው፣ ገና ትምህርት ቤት ባይገባም፣ የአካባቢያችሁን የሕዝብ ትምህርት ቤት ምዘና መጠየቅ ትችላላችሁ። ክፍያ የለውም። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ሌላ የድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ የልጁ ሐኪም ይመራችኋል። ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል። ከምዘናው ጋር አይጣሉም።

በቃል ብቻ መጠየቅ

ልጁን ለመውሰድ ስትሄዱ በር ላይ ለመምህሯ የነገራችሁት ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው በር ላይ ይቀራል። ጻፉ። ኢሜይል ይበቃል፤ በአማርኛም ቢሆን ጻፉ። «ልጄ ለልዩ ትምህርት ድጋፍ እንዲመዘን እጠይቃለሁ» በሉና ቀን አድርጉበት። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በፌዴራል ሕግ፣ ወላጅ ፈቅዶ ከፈረመ በኋላ ምዘናው በ60 ቀን ማለቅ አለበት፤ የራሳቸውን የጊዜ ገደብ ያወጡ ስቴቶችም አሉ።

ቅጹ ላይ «እንግሊዝኛ» ብሎ መሙላት

ልጅ ሲመዘገብ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ ይሰጣል። ልጄን ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚለምዱ ልጆች የሚሰጥ ትምህርት) እንዳያስገቡብኝ ብሎ «እንግሊዝኛ» የሚሞላ ወላጅ ብዙ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ማንበብ ሲያቅተው ያ ቅጽ ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሳይኮሎጂስቱ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ እንዳለ ሳያውቅ ይመዝነዋል። ሕጉ ግን በተቻለ መጠን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። እንግሊዝኛ ገና አለመቻል ብቻውን ልጅን ልዩ ትምህርት ሊያስገባው አይገባም። ብዙ መናገር የማይጠይቁ፣ በሥዕልና በቅርጽ የሚሠሩ ፈተናዎችም አሉ።

ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ ደግሞ ያለው እናንተ ጋ ነው። ልጁ በአማርኛስ እንዴት ነው? «ጫማህን አድርግና ቦርሳህን ይዘህ ና» ስትሉት ሁለቱንም ያደርጋል ወይስ አንዱን ረስቶ ይመጣል? የዋለበትን ነገር በቅደም ተከተል ያወራላችኋል? ችግሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ቋንቋውን የመልመድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ከታየ ግን ሳይኮሎጂስቱ በደንብ ሊያየው ይገባል። ይህን ከእናንተ በስተቀር ሊነግረው የሚችል የለም።

«ቤት ውስጥ አማርኛ ተዉ» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፤ የንግግር ችግርም አይፈጥርም። አማርኛው ሲቀር ልጁ አያቱን በስልክ የሚያናግርበትን ያጣል።

«እሺ»

በአማርኛ «እሺ» ሁልጊዜ መስማማት አይደለም። «ሰምቻለሁ፣ ቀጥል» ማለትም ነው። አንዲት እናት በአንድ ስብሰባ ከአሥር ጊዜ በላይ «እሺ» አለች። እኔም እንዳለችው ተረጎምኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ተስማማች ብለው ያዙት። ልጇ ከክፍል ጓደኞቹ ተለይቶ ቀኑን ሙሉ በትንሽ ክፍል እንዲማር ሐሳብ ቀርቦ አለፈ። ኮሪደር ላይ እጄን ያዘችኝ። «እኔ እኮ አልፈለግሁም» አለች። ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኋት። «የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ምን ብዬ ልቃወማቸው?»

አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ መጨመር አይፈቀድለትም። የቻልኩት አብሬያት ተመልሼ በሩን ማንኳኳት ብቻ ነበር። ያለችኝን ራሷ ነገረቻቸው። ስብሰባው በሌላ ቀን ተደገመ፤ ልጁም ከክፍሉ ሳይወጣ በቀን የተወሰነ ሰዓት ብቻ ድጋፍ እንዲያገኝ ተወሰነ።

«ገብቶኛል፣ ግን አልተስማማሁም» ማለት ባለጌነት አይደለም። በሕጉ ወላጅ የቡድኑ አባል ነው፤ እንግዳ ሆኖ አይደለም የሚቀመጠው። ደግሞ ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ስለ ወንድሙ የሚባለውን ሁሉ መሸከም የለበትም። ከባድ ከባዱንም ለእናቱ ብሎ ይዘለዋል። ትምህርት ቤቱ በራሱ ወጪ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ችግሩን መደበቅ፣ ችሎታውንም መርሳት

ሳይኮሎጂስቱ ረጅም መጠይቅ ይልካል። ልጁ ይጮኻል? ራሱን ይመታል? ብቻውን ይለብሳል? ሰው እንዳይሰማ፣ ለልጁ ስም እንዳይወጣለት ብሎ ችግር በሚጠይቀው ሁሉ «በጭራሽ» የሚሞላ ወላጅ አለ። መምህሯ ደግሞ «ሁልጊዜ» ብላለች። ወረቀቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ልጆች ይታያሉ። የልጁ ፋይል በሕግ የተጠበቀ ነው። አስተርጓሚውም የሰማውን ለሌላ አያወራም።

ተቃራኒውም አለ። «ብቻውን ይበላል?» ሲባል እናት «አይበላም» ትላለች። ሳይኮሎጂስቷ ጠጋ ብላ ስትጠይቅ፣ ልጁ መብላት አቅቶት ሳይሆን እናቱ ስለምታጎርሰው ነው። እኛ ቤት ማጉረስ ፍቅር ነው። ቅጹ ግን እንደ አለመቻል ይቆጥረዋል። «አይችልም» እና «እኛ እናደርግለታለን» ይለያያሉ፤ ጎኑ ላይ ጻፉት። ዓይንም እንደዚሁ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን መሬት እንዲተክል ያስተማራችሁትን ልጅ፣ ሰው ዓይን አያይም ብለው ሊጽፉበት ይችላሉ። ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቁጥሩን እንደ ፈተና ማርክ ማየት

«78» ሲባል ደስ ያለው አባት ነበር፤ ከመቶ መስሎት። አይደለም። በአብዛኞቹ የችሎታ መለኪያዎች አማካዩ 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ በ85 እና በ115 መካከል ናቸው። ዝቅ ያለ ቁጥር የልጁ ዕጣ ፈንታም አይደለም። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ዝርዝሩን ጠይቁ። በየትኛው ጠንካራ ነው? በየትኛው ደካማ ነው? ያን ቀን አሞት፣ እንቅልፍ አጥቶ ነበር? ሪፖርቱን ከስብሰባው በፊት እንዲልኩላችሁም ጠይቁ። በምዘናው ካልተስማማችሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጪ ያለ ባለሙያ በትምህርት ቤቱ ወጪ እንዲመዝነው መጠየቅ ትችላላችሁ። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምዘናው ትክክል መሆኑን በሕግ ፊት ያስረዳል።

እዚያው መፈረም፣ ከዚያ ወረቀቱን መጣል

መጀመሪያ ስለመገኘታችሁ ትፈርማላችሁ። ያ ስምምነት አይደለም። አይኢፒ የሚባለው የድጋፍ ዕቅድ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፊርማችሁ አይጀመርም፤ ስለዚህ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፣ አስነብቡት። በዓመት ቢያንስ አንዴ ይታያል። ልጁም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይመዘናል፤ እናንተና ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ብላችሁ ካልተስማማችሁ በቀር።

የእኛ ሰው ሥራ ፍለጋ ከስቴት ስቴት ይዞራል። ከመሄዳችሁ በፊት የአይኢፒውንና የሳይኮሎጂስቱን ሪፖርት ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን ዕቅድ እስኪያወጣ ተመጣጣኝ ድጋፍ መስጠት አለበት። ፋይሉ በፖስታ እስኪደርስ ሁለት ወር ያለ ድጋፍ የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። ወረቀቱ አሮጌው አፓርታማ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር።