ከካርድ ቆጣሪ ወደ ዳይሬክት ዴቢት ከመዞርዎ በፊት

እንግሊዝ አገር ካርድ ከሚሞላ ቆጣሪ ወደ ወርሃዊ ዳይሬክት ዴቢት (ከባንክ ሂሳብዎ በቀጥታ ወደሚቆረጥ ክፍያ) ሲዞሩ የመብራትና የጋዝ አቅራቢው ክሬዲት ቼክ (የብድርና የክፍያ ታሪክዎን ማጣራት) ሊያደርግ ይችላል፤ ከእንግዲህ ተጠቅመው ነዋ የሚከፍሉት። ስለዚህ ከመደወልዎ በፊት ይህን ታሪክ ከሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ ከኤክስፒሪያን፣ ከኢኩዊፋክስና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርትዎን በነፃ ያውጡና አድራሻውን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ዕዳ የሌለበትንም ሰው የአድራሻ ልዩነት ይጥለዋል፦ ባንክ ጋ «ፍላት 2»፣ ቆጣሪው ላይ «12ኤ» ከሆነ ታሪክዎ ላይገኝ ይችላል። አድራሻ በመራጮች መዝገብም ስለሚጣራ፣ በዜግነት ምክንያት መራጭ ሆነው መመዝገብ ካልቻሉ የመኖሪያ ማስረጃ ለሦስቱም ድርጅቶች ይላኩ። ለአቅራቢው ሲደውሉ «ክሬዲት ቼኩ ሶፍት ነው ሃርድ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሶፍቱ ለሌሎች አበዳሪዎች አይታይም፣ ሃርዱ ግን ይታያል። ስለዚህ በቅርቡ የቤት ብድር የሚጠይቁ ከሆነ ዝውውሩን ያቆዩት። ቆጣሪው ላይ ዕዳ ካለም አስቀድመው ይክፈሉት።