ነጠብጣቡን ኮሪዶራስ በቤት ውስጥ ማራባት

ኮሪዶራስ ጢም ያለው ትንሽ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። የጣና ወይም የዝዋይ አምባዛ ሩቅ ዘመድ ቢሆንም ሙሉ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ገላውም በአጥንት ሳህኖች የተሸፈነ ነው። ከብዙ ዓይነቶቹ መካከል ለጀማሪ የምንመክረው ነጠብጣቡን፣ ኮሪዶራስ ፓሊያተስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲስ አመዳደብ ስሙ ሆፕሊሶማ ፓሊያተም ተብሏል፤ ሻጮች ግን አሁንም በቀድሞው ስሙ ይጠሩታል። የትውልድ አገሩ የታችኛው ፓራና ተፋሰስና የኡራጓይ ወንዞች ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይስማማዋል፤ በመሆኑም እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች ብዙ ጊዜ ማሞቂያ አያስፈልገውም። ሆኖም ቴርሞሜትር ይስቀሉ፤ ሌሊት ከ16 በታች የሚወርድ ከሆነ አነስተኛ ማሞቂያ ይግዙ። እንደ ዱባይ ባሉ ሞቃት ከተሞች ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ውሃው ከ27 በላይ ከቆየ ዓሣው ይጎሳቆላል፣ መውለዱንም ያቆማል።

ለስድስት ዓሣ 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ይበቃል፤ ይህ 54 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከቁመቱ ይልቅ የወለሉ ስፋት ይጠቅማል፣ ኑሯቸው ወለል ላይ ነውና። አልፎ አልፎ ወደ ላይ ወጥተው አየር ጎረስ አድርገው ሲመለሱ አይደንግጡ፤ ኮሪዶራስ በአንጀቱም ጭምር ይተነፍሳል። በየደቂቃው ከሆነ ግን ውሃው ኦክስጅን አንሶታል ወይም ቆሽሿል ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ በደጋ የአየር ፓምፑ ቀንም ሌሊትም መሥራት አለበት። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ከሌለዎት በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ።

ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከአኳሪየሙ በወጣ ውሃ ጨምቀው ይመልሱት። ለወለሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ አሸዋ ያስፈልጋል። የግንባታ አሸዋ ከሆነ በወንፊት ይንፉት፣ ውሃው ጥርት እስኪል ይጠቡት፣ ከዚያ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ከኮረፈ ኖራነት አለውና ይተዉት። የተፈጨ ድንጋይ ጢማቸውን ይቆርጣል። ጢም ከሥሩ ሲያልቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በወለሉ ላይ የተከማቸ ቆሻሻ ነው።

የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ 24 ሰዓት ሲቆይ ክሎሪኑ ይተናል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን የሚጨመረው ክሎራሚን ስለሆነ ማሳደር ብቻውን አያጠፋውም፤ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ያስፈልጋል። ዓሣ ከመግባቱ በፊት አኳሪየሙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ትንሽ ምግብ እየተጨመረበት ባዶውን ይሥራ። አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚወጡ መርዞች) ዜሮ ሳይሆኑ የገባ ዓሣ ሊሞት ይችላል።

ወንድና ሴትን ለመለየት ከላይ ይመልከቱ። ሴቷ ከወገቧ ሰፋ ያለች ናት፤ ወንዱ ቀጠን ይላል፣ የጀርባ ክንፉም ረዘምና ሾጠጥ ያለ ነው። ለአንዲት ሴት ሁለት ወንድ ጥሩ ምጣኔ ነው፤ አራት ወንድና ሁለት ሴት ይያዙ። ለመውለድ አንድ ዓመት ገደማ ሊሆናቸው ይገባል።

እንዲወልዱ ማድረግ ያን ያህል አይከብድም። ለሁለት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ በደንብ ይመግቧቸው፦ የቀዘቀዘ ቀይ ትል፣ ዳፍኒያ (የውሃ ቁንጫ)፣ ወይም ከንጹሕ የዝናብ ውሃ የተጠለፈ የትንኝ እጭ። እጩን ወዲያው የሚበሉትን ያህል ብቻ ይስጡ፤ የተረፈው ትንኝ ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ማታ የአኳሪየሙን ግማሽ ውሃ አውጥተው ከእሱ በ4 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ውሃ ይተኩ። አኳሪየሙ 22 ከነበረ 20 ላይ ያርፋል። ዓሣው ይህን እንደ ዝናብ ወቅት መምጫ ይቆጥረዋል፤ ሰማዩ የጠቆረበትን ቀን ከመረጡ ደግሞ ይበልጥ ሊሳካ ይችላል። ሦስት ቀን ተከታትለው ያድርጉት፤ ካልሆነ አንድ ሳምንት አሳርፈው ይድገሙት።

ሲጀምሩ ወንዶቹ ሴቷን ያሳድዷታል፤ ከዚያ ሴቷ አፏን ከወንዱ ሆድ ሥር ትገጥማለች። ወዲያው በሆዷ ክንፎች መሐል ጥቂት እንቁላሎች ይዛ ዋኝታ መስታወቱ ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ውሃው የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ነው። ሰዓታት ይፈጃል፣ ከመቶ በላይ እንቁላልም ሊወጣ ይችላል። እንደጨረሱ ራሳቸው ሊበሉት ይጀምራሉ። እንቁላሉ እስኪጠነክር አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቁና በጣትዎ እያንከባለሉ ወይም ባረጀ የባንክ ካርድ ያላቁት።

ከ3 እስከ 5 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ የወላጆቹን ውሃ ሞልተው እንቁላሎቹን ሳይደራረቡ ይበትኗቸው። አየር በቀስታ ይሂድበት። ሻጋታን ለመከላከል የ1 በመቶ ሜቲሊን ብሉ ከሆነ በሊትር 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃል፤ ቀለሙ እንቁላሉን የማይሸፍን ስስ ሰማያዊ ይሁን። በዋናው አኳሪየም ውስጥ ግን ፈጽሞ አይጨምሩ፣ የማጣሪያውን ባክቴሪያ ይጎዳል። የነጡትን በየቀኑ በስሪንጅ ይምጠጡ፤ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ገና በሁለተኛው ቀን አብዛኛው ከነጣ ያልዳበረ ነው ማለት ነው፤ ወንድ አንሷል፣ ወይም ወንዶቹ ገና ልጆች ናቸው። የዳበረው ወደ ቡናማ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ዓይን ይታይበታል። በ23 ወይም 24 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል፤ በ20 ዲግሪ ሳምንት ሊጠጋ ይችላል።

የሚለፋው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚሞቱት ጫጩቶች አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። ሲፈለፈሉ ሰማያዊውን ውሃ በሁለት ዙር ይቀይሩ። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በሆዳቸው ባለው አስኳል ስለሚኖሩ ምንም አይስጧቸው። ከዚያ ምርጡ ምግብ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው (የወጥ ቤት ጨው ይሆናል) አሟምተው ሩብ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል ይጨምሩ፤ ብርሃን እየበራበት በ26 ዲግሪ አካባቢ አየር በኃይል ይነፋበት። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ሲቆይ አየሩን ይዝጉ፤ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማዎቹ እጮች ወደ ታች ይሰበሰባሉ። በቱቦ ስበው፣ በስስ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይስጡ። አርቴሚያ ካልተገኘ ደቃቅ የተፈጨ የዓሣ ምግብ ይሆናል፤ ውሃውን ግን ቶሎ ያበላሻል። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልን አንመክርም፣ የተረፈው በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል።

ጫጩቶቹ ሆዳቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ስለሚውሉ ወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው። የማደጊያው ዕቃ ባዶ ወለል ይኑረው። በየቀኑ ቀሪውን ምግብ በቀጭን የአየር ቱቦ ይሳቡ፣ የሚያንሸራትተውን ልባጭ በንጹሕ ስፖንጅ ይጥረጉ፣ ግማሹን ውሃ ሙቀቱ እኩል በሆነ ውሃ ይተኩ። የተሳበውን ሳይደፉ በነጭ ሳህን ላይ ይመልከቱ፤ ጫጩት አብሮ ይወጣል። ሆዳቸው ከቀላ ወይም ክንፋቸው ከተሸራረፈ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ወለሉን ያጽዱ፣ ውሃውን በቀን ሁለቴ ይቀይሩ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ለኮሪዶራስ አደገኛ ነው።

በወር ገደማ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲጠጉ ደቃቅ አሸዋ ወዳለው 40 ሊትር አኳሪየም ያዛውሯቸው። ሲይዟቸው ከመረብ ይልቅ ኩባያ ይጠቀሙ፣ የክንፋቸው እሾህ መረብ ውስጥ ይሰካል። ለሰው ሲሰጡም በአንድ ፌስታል ብዙ አይጨምሩ፤ የደነገጠ ኮሪዶራስ የሚያወጣው መርዝ በጠባብ ውሃ ውስጥ ራሱንም ባልንጀሮቹንም ይገድላል። ሁለት ሁለት አድርገው በብዙ ውሃ ይላኩ፣ ከጉዞው በፊት ያለውን ቀን አይመግቧቸው። የተረፈውን ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ አይልቀቁ። ለሚቀጥለው ዙር ከሚያስቀሯቸው ጋር ከሌላ አርቢ የተገኙ ሁለት ወንዶች ይቀላቅሉ፤ ወንድምና እህት ብቻ ሲዋለዱ በየትውልዱ ጠማማና ደካማ ጫጩት ይበዛል።