ሮኪስ ወጣት ፒቸር ማሳደግ ለምን ከበደው? ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የዴንቨሩ የቤዝቦል ቡድን ኮሎራዶ ሮኪስ የ2025ን የውድድር ዘመን በ43 ድልና በ119 ሽንፈት ጨረሰ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታትም ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸንፏል። ዴንቨርና ኦሮራ የምንኖር ሐበሾች ሐምራዊውን ኮፍያ ለልጆቻችን ከገዛን ወዲህ ሽንፈቱ የእኛም ጣጣ ሆኗል። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ ከተማው ሁሉ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ አየሩ ነው።

አየሩ ድርሻ አለው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን የክለቡን የሃያ ዓመት ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየ ሰው፣ ወጣት ፒቸሮችን ያበላሸው ከአየሩ ይልቅ ክለቡ ለአየሩ የሰጠው መልስ ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ፒቸር ማለት ከትንሽ ጉብታ ላይ ሆኖ 18 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቆ ወደቆመው መቺ ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች ነው። ጎበዝ ወጣቶች በየዓመቱ በድራፍት ይመረጣሉ፤ ደካማ ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። የተመረጠው ልጅ በቀጥታ ወደ ዋናው ቡድን አይሄድም፤ ማይነር ሊግ በሚባሉት ቡድኖች ከታች ወደ ላይ እያደገ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አየሩን ሰበብ ማድረግ

የሮኪስ ስታዲየም ኩርስ ፊልድ የተሠራው ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሰምቶ ሊስቅ ይችላል፤ ከተማችን 2,355 ሜትር ላይ ናትና። ልዩነቱ ግን የሯጭ ሳንባና ደም ከፍታን ይለምዳሉ፣ ኳስ አይለምድም። ከርቭ ቦል የሚባለው ውርወራ የሚታጠፈው እየተሽከረከረ አየሩን ወደ አንድ ጎን ስለሚገፋው፣ አየሩም መልሶ ስለሚገፋው ነው። ዴንቨር ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ስለሚጠጥር ኳሱ የሚደገፍበት ያጣል። ሎስ አንጀለስ ላይ ከመቺው ዱላ ሥር የሚጠልቀው ኳስ ዴንቨር ላይ ትንሽ ብቻ ወርዶ ዱላው መሐል ላይ ይገኛል።

የተመታ ኳስም የሚይዘው አየር ስለሚሳሳ ርቆ ይሄዳል። ክለቡ ይህን አስቦ በ1995 የተከፈተውን ሜዳ አጥሩን አርቆ ሠራው፤ መሐሉ 415 ጫማ፣ ማለትም 126 ሜትር ተኩል ነው። መድኃኒቱ ሌላ በሽታ ወለደ። ሜዳው በመስፋቱ በተከላካዮች መካከል የሚወድቀው ኳስ በዛ። ከዚያ በ2002 ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል፣ በሂውሚዶር ማስቀመጥ ተጀመረ። በደረቁ የዴንቨር አየር የከረመ ኳስ ስለሚጠነክር ሲመታ ይበልጥ ይነጥር ነበር። ሂውሚዶሩ ረድቷል፤ በ2022 በሁሉም 30 የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የዋናው ሊግ፣ ሜዳዎች እንዲኖር ተደረገ።

እስከዚህ ድረስ ሰበቡ እውነት ነው። ታዲያ ክለቡ በ2007 ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የሻምፒዮናው ፍጻሜ፣ የደረሰው በማን ነበር? ጄፍ ፍራንሲስ፣ አሮን ኩክና ኡባልዶ ሂሜኔዝ ሦስቱም ሮኪስ ራሱ ያሳደጋቸው ፒቸሮች ናቸው። ሂሜኔዝ በ2010 19 ጨዋታ አሸንፎ ኢ.አር.ኤው 2.88 ሆነ። ኢ.አር.ኤ ማለት በ9 ኢኒንግ (አንድ ሙሉ ጨዋታ የሚከፈልባቸው ዙሮች) በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ ከ3 በታች ከሆነ ለየትኛውም ከተማ ድንቅ ነው። በ2018 ደግሞ እዚሁ ዴንቨር የተወለደው ካይል ፍሪላንድ 17 አሸንፎ በ2.85 ጨረሰ። ይባስ ብሎ በራሱ ሜዳ፣ በዚያው በሳሳው አየር፣ 2.40 ነበር። የ2018ቱ አየር ከ2025ቱ የተለየ አልነበረም።

ሰበብ ትልቁ ጉዳቱ ጥያቄን መዝጋቱ ነው። የተመታ ልጅ ሁሉ «ኩርስ ፊልድ ነው» ከተባለ፣ ክንዱ ላይ ያለውን ችግር ከሜዳው ችግር ማን ይለይለታል?

ችግሩን በገንዘብ መዝለል

ይህ አጭር ነው። በ2000 ማብቂያ ላይ ሮኪስ ማይክ ሃምፕተንን በ8 ዓመት ውል፣ በ121 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በመጀመሪያው ዓመት ኢ.አር.ኤው 5.41፣ በሁለተኛው 6.15 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ክለቡ ደመወዙን በከፊል እየከፈለ አሰናበተው። የተሠራ ሰው ገዝቶ ማምጣት ሌላ ቡድን ያዋጣ ይሆናል። ኮሎራዶ ላይ ግን ሰውየው ሌላ ቦታ የተማረው ኳስ እዚህ ሌላ ኳስ ይሆንበታል። ስለዚህ ከሌላው ክለብ ሁሉ ይልቅ ሮኪስ የራሱን ልጅ የማሳደግ ግዴታ አለበት፤ ምርጫ የለውም።

ከሰው በፊት «ዓይነት» መምረጥ

በ2006 ድራፍት ሮኪስ ሁለተኛ መራጭ ነበር። የወሰደው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግሬግ ሬይኖልድስን ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ኳሱ ወደ መሬት የሚያዘነብል ልጅ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል፦ ሲንከር የሚባለውን ወደ ታች የሚወርድ ኳስ የሚወረውር ፒቸር መቺዎቹን መሬት ለመሬት ያስመታል፣ መሬት ለመሬት የሄደ ኳስ ደግሞ አጥር አያልፍም።

ሬይኖልድስ በ2008 ወደ ዋናው ቡድን መጥቶ 2 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፤ ኢ.አር.ኤው 8.13 ነበር። ከእሱ በኋላ በዚያው ዙር ክሌይተን ከርሾ ሰባተኛ፣ ቲም ሊንሰከም አሥረኛ፣ ማክስ ሸርዘር አሥራ አንደኛ ሆነው ተመረጡ። ሦስቱ በድምሩ ስምንት የሳይ ያንግ ሽልማት ወስደዋል፤ ይህ በየዓመቱ ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠው ሽልማት ነው። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ልጆች ያለፋቸው ሮኪስ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም አልፈዋቸዋል። ከኋላ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። የእኔ ቅሬታ ሐሳቡ ራሱ ግማሽ እውነት መሆኑ ላይ ነው። ሲንከርም ወደ ጎን የሚሸሸው በአየር ስለሆነ ዴንቨር ላይ እሱም ይጎድልበታል።

በከፍታ ላይ ብዙም የማይጎዳው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቼንጅአፕ፣ ማለትም ፈጣን መስሎ ቀስ ብሎ የሚደርሰው ኳስ፤ መቺውን የሚያታልለው በአመዛኙ በፍጥነቱ ልዩነት ነውና። ሁለተኛ፣ እንደ ጥይት በራሱ አቅጣጫ ዙሪያ የሚሽከረከረው አጭር ስላይደር፤ ይህ ከመጀመሪያውም በአየር ግፊት አይታጠፍም። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚያዘገየው ነገር ስለሚቀንስ እንዲያውም በጥቂቱ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ልጁ ሲንከር አለው ወይ ሳይሆን፣ አንዱ ኳስ ሲከዳው የሚመዘው ሁለተኛና ሦስተኛ ኳስ አለው ወይ ነው።

ፍጥነትን እንደ ችሎታ መቁጠር

በ2016 ድራፍት ሮኪስ አራተኛ መራጭ ሆኖ ራይሊ ፒንት የተባለ የካንሳስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወሰደ። በሰዓት 102 ማይል፣ 164 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወረውራል ተብሎ የተወራለት ልጅ ነው። ለፊርማ ብቻ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ክንዱ እውነተኛ ነበር፤ ኳሱ ግን የት እንደሚያርፍ ልጁም አያውቅም። ማይነር ሊግ ውስጥ መቺዎቹን በዎክ፣ ማለትም ሳይመቱ በነፃ፣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሲያሳልፍ ከረመ። በ2021 ጫማውን ሰቀለ፤ በ2022 ተመለሰ፤ በመጨረሻ ዋናው ቡድን የደረሰው በ2023 ነው።

ታይለር ማትዜክም በ2009 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ11ኛ ምርጫ የተወሰደ ግራኝ ነበር። በ2014 ዋናው ቡድን ገባ፤ በዓመቱ ኳሱን ማነጣጠር አቃተው። ጭንቀት እጅን ሲይዝ የሚመጣ፣ አሜሪካኖቹ ዪፕስ የሚሉት ችግር ነው። ክለቡ ለቀቀው። ማትዜክ ከሊግ ውጭ ባለ አነስተኛ ቡድን ጭምር ሲጫወት ቆይቶ አትላንታ ተቀበለችው። በ2021 ከወርልድ ሲሪስ በፊት ባለው ወሳኝ ጨዋታ ቡድኑ ጭንቅ ውስጥ ሳለ ገብቶ፣ ሎስ አንጀለሶችን ሦስቱን በተከታታይ ያለ ምት መለሳቸው። በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ለሁሉም ጥፋተኛው ሮኪስ ነው አልልም፤ ዪፕስን እስካሁን በደንብ የተረዳው የለም። ሆኖም የጠፋው ልጅ የተገኘው ሌላ ቤት መሆኑ ያሳስባል።

የራዳር ቁጥር ማሳደድ ሰፈራችንም ገብቷል። ልጃችሁ ፒቸር ከሆነ ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለ ውርወራው ብዛት ጠይቁ። የሜጀር ሊጉና የአሜሪካ የቤዝቦል ፌዴሬሽን መመሪያ ከ9 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 75፣ ከ11 እስከ 12 ላለ 85 ውርወራ ላይ ያቆማል። ዕድሜው እስከ 14 የሆነ ልጅ በአንድ ቀን 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ማረፍ አለበት። አሠልጣኙ ቅዳሜ በአንድ ቡድን፣ እሑድ በሌላ ቡድን ካስወረወረው ማንም አይቆጥርለትም፤ የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ። ክርን ላይ ያለው ጅማት ከተበጠሰ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና ነው የሚጠብቀው፤ ማገገሚያው ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ቆላ አሳድጎ ደጋ ላይ መፈተን

ይህ ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፤ እኔ ግን ዋናው ይመስለኛል። የሮኪስ ልጆች የሚያድጉበትን የማይነር ሊግ መሰላል ተመልከቱ፦ ፍሬዝኖ፣ ስፖኬን፣ ሃርትፎርድ። ሦስቱም ቆላ ናቸው፤ ሃርትፎርድማ ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። ከፍታ ላይ ያለው የመጨረሻው ደረጃ አልበከርኪ ብቻ ነው፤ እሱም ከዴንቨር ጋር ይቀራረባል። ልጁ ከርቭ ቦሉን ቆላ ላይ ሦስት ዓመት ይገነባል፣ ይወደስበታል፣ ከዚያ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ኳሱ አልታጠፍ ይለዋል። ያን ጊዜ አልበከርኪ ላይ በቂ ጊዜ ካልተሰጠው ትምህርቱን የሚጨርሰው ሃምሳ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ነው።

ቼዝ ዶላንደር በ2023 ዘጠነኛ ሆኖ ተመርጦ በሚያዝያ 2025 ዋናውን ቡድን ተቀላቀለ፤ አልበከርኪ ላይ ምንም ያህል አልቆየም። የዓመቱ ኢ.አር.ኤው 6.52 ነበር። ቁጥሩ በየሜዳው ሲከፈል ይበልጥ ያስተምራል፦ በሜዳው ወደ 10 የተጠጋ፣ ከሜዳ ውጭ ከ4 በታች። ከሜዳ ውጭ ጥሩ ፒቸር የሆነ ልጅ አለን ማለት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን እንዴት እንደሚወረውር አልተማረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በውድድር መሐል ደንብ መቀየር

በሰኔ 2012 ክለቡ በአራት ተነሺ፣ ማለትም ጨዋታውን በየተራ በሚጀምሩ፣ ፒቸሮች ብቻ ሊጫወት፣ እያንዳንዱንም 75 ውርወራ ገደማ ላይ ሊያቆም ወሰነ። በሌላው ቡድን ተነሺዎቹ በአብዛኛው አምስት ናቸው። ዕቅዱ የስታዲየሙን ከፍታ በጫማ ይዞ ፕሮጀክት 5183 ተባለ። የሐሳቡ ድፍረት ይደነቃል። ያለቦታው የገባው ጊዜው ነው፤ በቡድኑ ውስጥ የነበሩት እንደ ድሩ ፖምራንዝ ያሉ ጀማሪዎች ነበሩ። ገና በአምስት ቀን አንዴ መወርወርን ያልለመደ ልጅ፣ ሰዓቱም መጠኑም በአንድ ጀምበር ተቀየረበት። ውድድሩ ሳያልቅ ወደ አምስት ተመለሱ፤ 64 አሸንፈው 98 ተሸነፉ። ፖምራንዝ በ2013 መጨረሻ ለኦክላንድ ተሰጠ፤ በ2016 ሳን ዲዬጎ ላይ ሆኖ ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጠ።

ያፈሩትን ዝም ብሎ መልቀቅ

ጆን ግሬይ በ2013 ሦስተኛ ምርጫ ነበር፤ ሮኪስ ካሳካቸው ጥቂቶች አንዱ። በ2021 ውሉ ሊያልቅ ሲል በዝውውር መዝጊያው ቀን ሌሎች ልጆች ሊመጡበት ሲችሉ ይዘውት ቀሩ። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ተጫዋቹ ቢሄድ ለክለቡ ካሳ የሚያስገኘውን የአንድ ዓመት የውል ጥያቄ እንኳ አላቀረቡለትም። ቴክሳስ በ4 ዓመት፣ በ56 ሚሊዮን ዶላር ወሰደችው፤ ሮኪስ በምትኩ ምንም አላገኘም። በ2023 ወርልድ ሲሪስ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወረወረ። ለዚህ አየሩን መውቀስ አይቻልም።

በር ዘግቶ መምከር

ሌሎች ክለቦች በካሜራና በኮምፒውተር የእያንዳንዱን ውርወራ ሽክርክሪት ሲለኩ፣ ሮኪስ ከኋላ መቅረቱን በሊጉ ያላወቀ አልነበረም። በ2021 ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ቢል ሽሚት ከዚያ በፊት የክለቡን የተጫዋች ምልመላ ከሃያ ዓመት በላይ የመራ ሰው ነው። ሬይኖልድስም ፒንትም፣ ደግሞም ግሬይና ፍሪላንድ፣ የተመረጡት በእሱ ዘመን ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ግን ሁልጊዜ ከውስጥ ብቻ የሚሾም ቤት የራሱን ስህተት የሚያሳየው እንግዳ ዓይን የለውም፤ በየዓመቱ ከርሞ ጥጃ ይሆናል።

በኅዳር 2025 ክለቡ በመጨረሻ ከውጭ ሰው አመጣ፤ ፖል ዴፖዴስታ ኦክላንድና ሎስ አንጀለስ ሠርቶ፣ ከዚያ ለዓመታት በአሜሪካ ፉትቦል ክሊቭላንድ የቆየ ሰው ነው። የሽንፈቱ ቁጥር ቶሎ አይወርድም፤ እኔም እሱን አልቆጥርም። የምከታተለው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ፣ ከሃርትፎርድ የሚመጣ ፒቸር አልበከርኪ ላይ ሙሉ የውድድር ዘመን ይሰጠዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ዶላንደር ዴንቨር ላይ በተደጋጋሚ ሲመታ ከርቭ ቦሉን ቀንሶ ሌላ ኳስ እንዲያሳድግ የሚረዳው ሰው አጠገቡ አለ ወይ?