መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ 2009 የሚሆነው ዴስክቶፕ

ታች ያሉት ጎረቤቴ ልጃቸው የምትማርበት ዴስክቶፕ አላቸው፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 2009 ይመለስና ድረገጽ ስትከፍት ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይዘጋባታል። እትዬን ቫይረስ ነው ብለዋቸው ፎርማት ሊያስደርጉት ነበር። እኔ ይሄ ለሁሉም ነገር ፎርማት የሚሉት በጣም ያናድደኛል፣ የልጅቷ ኖት ሁሉ እዛ ውስጥ ነው እኮ!

ችግሩ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰርኪዩት ቦርድ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ነች፣ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። ኮምፒውተሩ ኃይል ሲያጣ ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። የድረገጽ ሰርተፍኬት (የድረገጹን ማንነት ለብሮውዘሩ የሚያሳይ ዲጂታል መታወቂያ) ደግሞ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩ 2009 ላይ ነኝ ካለ ሰርተፍኬቱ ገና ስራ አልጀመረም ማለት ነው፣ ስለዚህ አላምንም ይላል።

በመልቲሜትር ስለካት ከ2 ቮልት በታች ወርዳለች። ገመዱን ነቅዬ፣ እጄ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው የኬዙን ብረት ነካ አድርጌ፣ የጎን መያዣዋን በጥፍሬ ገፋ ሳደርጋት ብድግ አለች፣ አዲሷን የፕላስ ምልክቱን ወደ ላይ አድርጌ ጫን። ሰዓት ሰሪ ጋ ትገኛለች፣ ብዙ የመኪና ሪሞት ውስጥ ያለችውም እሷው ነች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ባትሪዋ ስትሞት ወይም ስትወጣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም) ወደ ዲፎልት ሴቲንጉ ስለሚመለስ የሳታ ሞዱ (ከሃርድዲስኩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ) ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ከዞረ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳም ሊል ይችላል፣ ሃርድዲስኩ ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ባዮስ ገብቶ ሞዱን መመለስ ብቻ ነው።

ቀኑን አስተካክዬ ሆን ብዬ ገመዱን ነቅዬ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሰዓቱ ልክ ነው ድረገጾቹም ይከፈታሉ።