ባሕር ዳር ለትምህርት ስትመጡ፦ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ሰፈሩን እንዴት ትለምዱታላችሁ?

ባሕር ዳር የገባሁ ቀን ፍራሼን ጠቅልዬ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ባጃጅ አስቆምኩ።

"ወዴት ነህ?"

"ዩኒቨርሲቲ።"

"የትኛው?"

"ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነዋ!"

ሹፌሩ ሳቀ። "እሱንማ አወቅን ወንድም ዓለም። ፔዳ ነው ፖሊ?"

መልሱን አላውቀውም። ላለማፈር ብዬ "ፖሊ" አልኩ። እሱን የመረጥኩት መጨረሻ ላይ የተጠራው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። የተመደብኩት ግን ፔዳ ነበር። የፖሊ ጥበቃ ወረቀቴን አገላብጦ አየ። ቀጥሎ ፍራሼን አየ። ቀጥሎ እኔን። ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ እዚያው ተመድባለች። ስልክ ደውላ "አጎቴ፣ ምን ይዤ ልሂድ?" አለችኝ። ስለ ዕቃው ትንሽ፣ ስለ ሰፈሩ ግን ብዙ ነገርኳት። ለእናንተም ይሆናል።

1. ሦስት አራት ቀን ቀድማችሁ ግቡ

የምዝገባ ቀን ከተማ አይታይም። ሰልፍ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ነው፣ "ጉርድ ፎቶ አምጣ" ነው። ማታ ዶርም ስትገቡ እግራችሁ አልቋል። በነጋታው ክፍል ይጀመራል፣ ሰፈሩ ሳይታወቅ ጥር ይደርሳል። ስለዚህ ዘመድ ካለ ዘመድ ቤት፣ ከሌለ ለሁለት ሆናችሁ ርካሽ ፔንሲዮን ይዛችሁ ቀድማችሁ ግቡ። ዶርም ቀድሞ ይከፈታል ብላችሁ አትመኑ።

2. የግቢያችሁን ስም ሕዝቡ በሚጠራው ስም እወቁ

ዩኒቨርሲቲው አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ሁለት የቆዩ ተቋማት ተዋህደው ነው የተመሠረተው። አንደኛው በ1950ዎቹ በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ሌላው በ1960ዎቹ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። "ፖሊ" እና "ፔዳ" የሚባሉት ስሞች ከዚያ ነው የመጡት። አብዛኛው ኢንጂነሪንግ ፖሊ ነው። ዋናው ግቢ ፔዳ ነው። ከዓባይ ማዶ በጎንደር መንገድ የግብርናው ዘንዘልማ አለ። ይባብም አለ፣ ሌሎችም አሉ። ባጃጅ ውስጥ "ዩኒቨርሲቲ" ካላችሁ እንደኔ ናችሁ።

ሰፈሮቹም እንደዚሁ ናቸው። ቀበሌዎቹ ተጨፍልቀው ወደ ክፍለ ከተማ ከገቡ ቆይቷል። ወረቀት ላይ ጣና፣ ፋሲሎ፣ በላይ ዘለቀ፣ ግሽ ዓባይ የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ሰው ግን አሁንም "ቀበሌ 14"፣ "ቀበሌ 16" እያለ በቁጥር ይጠራል። የወረቀቱን ስም ለቅጽ መሙያ፣ የሰውን ስም ለመንገድ ያዙ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

3. በውሃው አቅጣጫ ያዙ

ይሄ ከሁሉም የምወደው ነው። ባሕር ዳር ሁለት የማይንቀሳቀሱ ምልክቶች አሏት፣ ጣና እና ዓባይ።

ጠዋት ጊዮርጊስ አደባባይ ሂዱና ሐይቁን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቁሙ። የምታዩት ሰሜን ነው። በቀኛችሁ ዓባይ ከጣና ይወጣል፣ የጎንደር መንገድም በዚያው ነው። ፖሊም ወደዚያው ነው። በግራችሁ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ትሄዳላችሁ። ፔዳ ከጀርባችሁ ነው። በቃ። ከዚህ በኋላ ስትጠፉ "ውሃው በየት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ ስልክ አታውጡ። ስልካችሁ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔትወርክም ይሄዳል። ጣና የትም አይሄድም።

እዚያው ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ አንድ የቆየ የድንጋይ ፎቅ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የጀስዊት ቄስ እንዳሠራው ይነገራል። ብዙ ተማሪ አራት ዓመት በአጠገቡ አልፎ ሳያየው ይመረቃል።

ከሰዓት ወደ ዓባይ ድልድይ በእግር ሂዱ። አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፣ 380 ሜትር ይረዝማል። መሀሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ፣ መጀመሪያ ድንጋይ ይመስላችኋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጥበቃ ካለ ጠይቁ፣ ይሻላል። ከድልድዩ ማዶ ቤዛዊት የሚባል ኮረብታ አለ፣ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት። ወደዚያ መውጣት በጊዜው ይቻል እንደሆነ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ከተፈቀደ ከተማውም ወንዙም እንደ ካርታ ተዘርግቶ ይታያል።

4. መንገዳችሁን በምትሄዱበት ሰዓት ሂዱበት

የክፍል መንገዳችሁን እሁድ ከሰዓት አትለኩ። ሥራ ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለኩ። ያኔ ነው ባጃጅ የሚጠፋው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ለእግር ትመቻለች፣ ግን ፀሐይዋን አትናቁ። ከፍታው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከጎንደር ደጋ የመጣችሁ 6 ሰዓት ላይ ይገባችኋል። ዘንባባው ሥር ሥር ሂዱ።

ባጃጅ ሁለት ዓይነት ነው። በመስመር የሚጭን አለ፣ ኮንትራት አለ። ዝም ብላችሁ ከገባችሁና ሌላ ሰው ካልገባ፣ ስትወርዱ የኮንትራት ሒሳብ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት "በመስመር ነው?" በሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ የወር የሻይ ብር ታተርፋለች። ብስክሌት የምትችሉ ደግሞ ብስክሌት አስቡ። ባሕር ዳር ድሮ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ባጃጁ በዝቶ ነው እንጂ አስፋልቱ አሁንም ለፔዳል የተሠራ ይመስላል።

5. አንድ ሰው እንዲያውቃችሁ አድርጉ

ብዙ ምክር ትሰማላችሁ፣ "ሰፈሩን እወቁ" ይሏችኋል። እኔ ደግሞ ሰፈሩ እናንተን ይወቅ እላለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ቡና ቤት፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ምረጡ። አስር ቦታ አትዙሩ። ሦስት ቀን በተከታታይ በአንድ ሰዓት እዚያው ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ናችሁ። በሁለተኛው "የትናንቱ ልጅ" ትባላላችሁ። በሦስተኛው "ከየት ነህ? ምን ልትማር ነው?" ይመጣል። መልሱና እናንተም ጠይቁ።

እኔ የያዝኩት ከበራችን አለፍ ብለው ረከቦት ዘርግተው ቡና የሚሸጡ እናት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ሦስት ዱካ፣ አንድ ፌስታል ቄጤማ፣ አፏ የተሸረፈች ጀበና። ከጎናቸው የአስር ዓመት ልጃቸው ስኒ ያጥባል። በየማለዳው ሁለት ስኒ እጠጣለሁ፣ ስለ አገሬ ይጠይቁኛል፣ እሄዳለሁ። ሌላ ነገር የለንም።

ጥቅምት ላይ አመመኝ። ብርድ መስሎኝ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ። የዶርም ልጆች ገና አልተዋወቅንም፣ እያንዳንዱ በራሱ ጉዳይ ይሮጣል። በሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ስኒ አጣቢው ልጅ ነው። ጥበቃዎቹን እንዴት እንዳለፋቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። "እማዬ ሁለት ቀን ቀረ፣ እይ ብላኝ ነው" አለ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ወባ ነበር።

ወባውን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ባሕር ዳር ወባ አለ። የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ልክ አዲስ ተማሪ በሚገባበት ጊዜ። አጎበር ከቤት ይዛችሁ ኑ፣ ካልሆነም በመጀመሪያው ቀን ግዙ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ "ይለቀኛል" ብላችሁ አትተኙ፣ ተመርመሩ።

6. ገበያውን አንድ ቅዳሜ ስጡት

ባልዲ፣ ጆግ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ አንሶላ። እነዚህን ከቤት ተሸክማችሁ አትምጡ፣ ገበያ ሞልቷል። ቅዳሜ ገበያው ይደምቃል። አገልግሉን፣ ጋቢውን፣ ከገጠር የመጣውን ማር እያያችሁ ዙሩ። መጀመሪያ ሳትገዙ አንድ ጊዜ ዙሩ። በሁለተኛው ዙር ዋጋ ታውቃላችሁ።

ውጭ የምትከራዩ ካላችሁ ቤቱን ቀን ብቻ አትዩ። ማታም ሂዱ። ለደላላው ሳይሆን ለጎረቤቱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? አከራዩ "ውሃ ሞልቷል" ካላችሁ ቧንቧውን ክፈቱ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልከፍት ከፍዬ ገብቼ፣ ውሃው ለካ የሞላው ጣና ውስጥ ነበር።

7. ሐይቁን ቅረቡት፣ ግን አትድፈሩት

ሰፈሩ ያለ ጣና አይገባችሁም። ማለዳ ወደ ዳር ውረዱ። ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ ሻላዎቹ ዙሪያቸውን ከበው ይጠብቃሉ። በደንገል የተሠራች ታንኳ ቀስ ብላ ታልፋለች። ዓሣ ከተራባችሁ ዳር ዳሩን ጥብሱም ጉላሹም አለ። ቆሮሶ ብታገኙ ቆሮሶ በሉ፣ አምባዛ ለኔ ይከብደኛል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ ይጠብቃችኋል። አትግቡበት፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

ለመዋኘት ግን አትቸኩሉ። ዳር ዳሩ ላይ፣ በተለይ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬውም የሚታይ ብቻ አይደለም፣ ሰው ይጎዳል። ሐይቁ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ የተዘረጋ ነገር ካያችሁ እሱ እምቦጭ ነው። የዓሣ አጥማጁንም የጀልባውንም ሥራ ያበላሸ መጤ አረም ነው። ስለሱ አንድ የጀልባ ሰው ብትጠይቁ ግማሽ ቀን ያወራችኋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጓደኛ ካገኛችሁ ለአምስት ለስድስት ሆናችሁ ጀልባ ያዙና ዘጌ ሂዱ። ቡናው ከዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም እዚያው አለች፣ ሥዕሎቿ ግድግዳውን ሞልተውታል። ከ30 በላይ ደሴት ስላለ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ሌላ ጊዜ። ሴቶች ክብራን ገብርኤልን አትምረጡ፣ ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ያስደነግጣል። ዋጋውን ደርሶ መልስ ብላችሁ ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትግቡ።

ጢስ ዓባይም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው የሚያምረው ውሃው ሲሞላ፣ ነሐሴና መስከረም ነው። መጋቢት ላይ ሄዳችሁ "ይሄ ነው እንዴ?" ብላችሁ እንዳታዝኑ። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ያለፈው ሳምንት ወሬ አይበቃም።

8. ማታውን ለይታችሁ ተማሩት

ቀን የሚያምር መንገድ ማታ ሌላ ነው። የትኛው መንገድ መብራት አለው? ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? የሰዓት ገደብ ስለሚለዋወጥ ያንኑ ሳምንት ጠይቁ። የግቢ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? ይህን ከመስማት ማየት ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰው ጋር ሆናችሁ፣ 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሐይቁ ዳር ተነሡና ወደ ግቢ ተመለሱ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ።

የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስልክም መዝግቡ። የታመመ ጓደኛ ማታ ሐኪም ቤት ማድረስ ሲመጣ ያኔ ይጠቅማል። ያ የመጀመሪያው ቀን ሹፌር ከፖሊ በር አልሄደም ነበር። ጥግ ይዞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። "ፔዳ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ፊትህ ይናገራል" አለኝና ፍራሼን መልሶ ጫነው። ስልኩን ያኔ ነው የያዝኩት። አሁንም ባሕር ዳር ስገባ እደውልለታለሁ። ስልኩን ሲያነሳ "አቤት ፖሊ!" ነው የሚለኝ።