የአርቪ ፕሮፔን እንዴት ይያዛል፦ ከማስሞላት እስከ ባልቲሞር ዋሻ

አርቪ (ምድጃና መኝታ ያለው የጉዞ ቤት መኪና) ስትከራዩ አከራዩ ስለ መጸዳጃው ቱቦ፣ ስለ ውሃውና ስለ ባትሪው ረጅም ማብራሪያ ይሰጣችኋል። ፕሮፔኑ ጋ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ «እዚህ ጋ ይከፈታል፣ እዚህ ጋ ይዘጋል» ብሎ ያልፋል። ይህ አይበቃም። ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ የውሃ ማሞቂያውና የክፍሉ ማሞቂያ የሚሠሩት በዚያ ጋዝ ነው። ልጆቻችሁ የሚተኙትም ከእሱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ወይም ወደ አሳቲግ ደሴት የሚወጣ ቤተሰብ አስቤ ነው። ሌላ ግዛት ላላችሁም ከዋሻው ክፍል በቀር ሁሉም ይሠራል።

መጀመሪያ የጋዙን ጠባይ እወቁ

ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ጣሪያ አይወጣም። ወለል ላይ ይተኛል፣ አልጋ ስር ይገባል፣ ቁም ሳጥን ግርጌ ይጠራቀማል። ስለዚህ የጣሪያ መስኮት መክፈት ብቻውን አያስወጣውም፤ በር መከፈት አለበት። ከአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ያህሉ ፕሮፔን ሲሆን ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲያውቀው ተብሎ የሚጨመር ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ በአፍንጫ ብቻ መተማመን ግን አይቻልም። ጉንፋን የያዘው ሰው አያሸተውም። የተኛም አያሸተውም። ሽንኩርት እየተቁላላ፣ ዕጣን እየጨሰ ከሆነ ደግሞ ማንም ላያሸተው ይችላል።

1. ሲሊንደሩን አገላብጣችሁ እዩ

ተጎታች አርቪ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ብረት ላይ ሁለት ሲሊንደሮች ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 20 ወይም 30 ፓውንድ ይይዛሉ። ራሱ ሞተር ያለው ከሆነ ታንኩ ከጎኑ ስር በቋሚነት ታስሯል፤ ፈትታችሁ አታወጡትም፣ መኪናውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ነው የምታስሞሉት።

የሲሊንደሩ አንገት ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ተመትቷል። ከተሠራ 12 ዓመት ካለፈውና እንደገና ካልተመረመረ የሚሞላው ሰው «አልሞላም» ማለት አለበት። ከቀን ቀጥሎ «ኢ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካያችሁ በዓይን ተመርምሮ ለ5 ዓመት ታድሷል ማለት ነው። ግርጌው በዝገት የተበላ፣ የተጨረመተ ወይም እሳት የነካው ከሆነ ግን ቀኑ ምንም ይሁን ምን አትውሰዱት። የቫልቩ እጀታ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። ያ ቅርጽ ውስጡ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚያግድ ተንሳፋፊ እንዳለ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ እሱ እነዚህን ትናንሽ ሲሊንደሮች መሙላት አይፈቀድም።

2. ስታስሞሉ አጠገቡ ቁሙ

በየነዳጅ ማደያው በር ላይ ካለው የብረት ሳጥን ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን መውሰድ ፈጣን ነው። እኔ ግን አልወደውም። 20 ፓውንድ የሚይዘው ሲሊንደር ብዙ ጊዜ 15 ፓውንድ ብቻ ተሞልቶ ነው የሚሰጠው። የራሳችሁን ንጹሕ ሲሊንደር ሰጥታችሁም እንዴት እንደተያዘ የማታውቁትን ትረከባላችሁ። የሚሞላላችሁ ቦታ ፈልጉ፤ በዋጋም በደህንነትም ይሻላል።

ሲሊንደር ሙሉ የሚባለው 80 በመቶው ፈሳሽ ሲሆን ነው። የቀረው ባዶ ቦታ ፈሳሹ በሙቀት ሲያብጥ የሚሄድበት ነው። ጥሩ ባለሙያ ሲሞላ ቫልቩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ ያደርጋታል፤ ነጭ ጉም ተፍ ማለት ሲጀምር ወዲያው ያቆማል። ወይም በሚዛን ይሞላል። በተንሳፋፊው ብቻ የሚተማመን ሰው አትመኑ፤ እሱ መጠባበቂያ ነው።

አንድ ጊዜ የሞላልን ሰው ብሎኗንም አልነካ፣ ሚዛንም አላየ። ካምፑ ደርሰን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሲሊንደሩ በኃይል ማፏጨት ጀመረ። ትርፉን ግፊት የሚያስወጣው የደህንነት ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። እሳት ያለበትን ሁሉ አጥፍተን፣ ሰውን አርቀን ጠበቅን። ግፊቱ ሲቀንስ በራሱ ዘጋ። አጠገቡ የሥጋ መጥበሻ ቢኖር ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞላ ሲሊንደር ሳልመዝን አልጭንም። አንገቱ ላይ «ቲ ደብሊው» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የባዶው ክብደት ተጽፏል። ባለ 20 ፓውንዱ ባዶውን 17 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ሲሞላ ከ37 ብዙ ማለፍ የለበትም። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል።

ወደ ካምፑ ስትወስዱት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በቀበቶ ይታሰር፣ አፉ ላይ መክደኛው ይኑር። ከተጋደመ የደህንነት ቀዳዳው የሚያስወጣው ጋዝ መሆኑ ይቀርና ፈሳሽ ይሆናል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ትርፍ ሲሊንደርም የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አይገባም።

3. ማሰር

ሁለት ዓይነት ማያያዣ አለ። አዲሱ ትልቅ የፕላስቲክ ክብ አለው፤ ወደ ቀኝ በእጅ ብቻ ይጠብቃል። መፍቻ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። የድሮው ነሐስ ነው፤ ጥርሱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ግራ ስታዞሩት ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ስታዞሩት ይላላል። ይህን የማያውቅ ሰው እያጠበቀ መስሎት ያላላል። ለዚህኛው መፍቻ ተጠቀሙ፤ ጠበቅ ካለ ይበቃል።

ከማሰራችሁ በፊት ጎሚኒው እንዳልተሰነጠቀ፣ አፉ ውስጥ አሸዋ ወይም ነፍሳት እንደሌለ እዩ። ጋዙን የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ ጫፎቹ አካባቢ አጠፍ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ መሰነጣጠቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የተሰነጠቀ ጎማ በፕላስተር አይጠገንም። አዲሱ ርካሽ ነው።

4. በሳሙና ፈትሹ

ሰው በብዛት የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብባል ይህን እላለሁ። በሞቃት ቀን ሲሊንደሩ ውስጥ ከ100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ግፊት አለ። ግፊት የሚቀንሰው መሣሪያ፣ ሬጉሌተሩ፣ ያንን ከግማሽ ፒኤስአይ በታች ያወርደዋል። ስለዚህ በሲሊንደሩና በሬጉሌተሩ መካከል ያለ ጥቃቅን ክፍተት፣ ወደ ምድጃው ከሚሄደው ቱቦ ላይ ካለ ተመሳሳይ ክፍተት እጅግ የበለጠ ጋዝ ይለቃል። እናንተ የምትፈቱትና የምታስሩት ደግሞ ያንኑ ቦታ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከውሃ ጋር ወፈር አድርጋችሁ በጥብጡ። የመስታወት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ብዙዎቹ አሞኒያ አለባቸው፣ አሞኒያ ነሐስ ያሰነጥቃል። ምድጃውን፣ ፍሪጁን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ የክፍሉን ማሞቂያ ሁሉንም አጥፉ። በአካባቢው ሲጋራም እሳትም አይኑር። ክብሪት ጭሮ እሳቱን ወደ ቫልቩ እያስጠጉ መፈተሽን ጨርሶ እርሱት፤ ካፈሰሰ የምታውቁት ፊታችሁ ሲቃጠል ነው።

አሁን ቫልቩን ቀስ ብላችሁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ሳሙናውን በብሩሽ ወይም በስፖንጅ ቀቡ። የቫልቩ እጀታ ስር፣ ማያያዣው ዙሪያ፣ የጎማው ሁለቱም ጫፍ፣ ሬጉሌተሩ ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች በሙሉ ይርጠቡ። ከኋላ በኩል ያለውን አትርሱ፤ ስለማይታይ ሰው አይቀባውም። ከዚያ ሳትቸኩሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ተመልከቱ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሳሙና ሲቀባ በራሱ አረፋ ይሠራል፤ ያ አረፋ እየከሰመ ይሄዳል። የሚያፈስ ቦታ ያለው አረፋ ግን አይከስምም፣ ያድጋል። ትልቅ ክፍተት ከሆነ ኳስ የሚያህል አረፋ እየፈነዳ ይተካል፣ ማንም ያየዋል። አሳሳቹ ትንሹ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ነጭ ደቃቅ አረፋ ቀስ እያለ ይከመራል። ጠርጋችሁ እንደገና ቀቡት። በዚያው ቦታ ተመልሶ ከመጣ ያፈሳል።

ካፈሰሰ ቫልቩን ዝጉ፣ ፍቱት፣ ጎሚኒውን አጽዱና እንደገና አስራችሁ እንደገና ፈትሹ። በኃይል በማጥበቅ ለማቆም አትሞክሩ፤ ዛሬ ቢያቆምም መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ይመለሳል። ከእጀታው ስር የሚወጣ ከሆነ የሲሊንደሩ ቫልቭ ነው የተበላሸው፤ እናንተ የምትጠግኑት አይደለም፣ መልሱት። ስትጨርሱ ሳሙናውን በውሃ እጠቡ።

ሳሙና ውጭ ያለውን ያሳያል። ወደ ውስጥ የገባው ቱቦ እንደማያፈስ ለመገመት ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለት ሲሊንደር ባላቸው አርቪዎች ሬጉሌተሩ ላይ አረንጓዴና ቀይ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። ሁሉም ነገር እንደጠፋ ቫልቩን ክፈቱ፣ አረንጓዴ ይሁን፣ ከዚያ ሁለቱንም ሲሊንደሮች ዝጉ። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ምንም ሳትጠቀሙ ቀይ ከሆነ ጋዙ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፤ ባለሙያ ይየው። አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ግን ጥቃቅን ማፍሰስ የለም ማለት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ቴክኒሻን በግፊት መለኪያ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ከተከራያችሁ መቼ እንደታየ አከራዩን ጠይቁ።

ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ ያልኩት በምክንያት ነው። ማያያዣው ውስጥ ብዙ ጋዝ በአንዴ ሲያልፍ የሚያግድ መሣሪያ አለ። በድንገት ስትከፍቱ ጎማው የተበጠሰ ይመስለውና ይዘጋል። ምድጃው ደካማ እሳት ብቻ ይሰጣል፣ ሰውም ሬጉሌተሩ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል። መፍትሔው ዘግቶ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ መክፈት ነው።

5. ውስጡ

የጋዝ ማንቂያው ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ተገጥሟል፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ። የመፈተሻ ቁልፉን ተጫኑት። ዕድሜውንም እዩ፤ እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ ቢያሰማም መቀየር አለበት። በሽቶ ወይም በፀጉር ስፕሬይ የተነሳ ስለሚጮህ ፊውዙን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የተለየ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱም መኖር አለባቸው።

የምድጃው እሳት ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ አየርና ጋዙ በደንብ አልተቀላቀለም። አርቪ ከክረምት በኋላ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ድሯን የሠራች ሸረሪት ናት። ስታበስሉ መስኮትና የጣሪያው መተንፈሻ ይከፈት። ሌሊት ሲበርድ ምድጃውን ለማሞቂያ አትለኩሱ።

ቡናን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ጀበናውን በምድጃው ላይ መስኮት ከፍቶ ማፍላት ይቻላል። ከሰል ግን አርቪ ውስጥ በምንም ምክንያት አይገባም። ዝናብ ቢመጣም፣ እንግዳ ቢኖርም፣ ፍም ብቻ ቢቀረውም፣ ለዕጣን ትንሽ ቢሆንም አይገባም። ጭስ የማይታይበት ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ቤቱም ትንሽ ነው። ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ስላልነቁ ሰዎች አገር ቤት ሳለን ያልሰማ የለም። ረከቦቱን ውጭ ዘርጉት፤ እዚያ ያምራልም።

6. ስትነዱ

ከመነሳታችሁ በፊት ቫልቩን ሲሊንደሩ ላይ ዝጉ። ፍሪጁን ውስጥ ባለው ቁልፍ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በአደጋ ጊዜ ቱቦ ቢበጠስ ጋዙን የሚያቆመው የሲሊንደሩ ቫልቭ ነው። «ምግቡ ይበላሻል» የሚሉ አሉ። በደንብ የቀዘቀዘ ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል። ነዳጅ ስትሞሉማ ጥያቄ የለውም። የፍሪጁና የውሃ ማሞቂያው እሳት ከቤንዚን ትነት ጋር መገናኘት የለበትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኒው ዮርክ በአይ 95 የምትሄዱ ይህን ልብ በሉ። ባልቲሞር ላይ ፎርት ማክሄንሪ ዋሻ አለ። እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን ያለው ሲሊንደር የያዘ መኪና በዚያ ማለፍ አይፈቀድለትም። በአይ 895 ያለው የባልቲሞር ሃርበር ዋሻም ያው ነው። ቫልቩን ዘግቻለሁ ማለት አያሳልፍም። ድሮ ሰው በአይ 695 ዞሮ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይሻገር ነበር፤ ድልድዩ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። ስለዚህ ያላችሁ መንገድ የአይ 695 ምዕራባዊ ጎን ነው። የተለመደው የስልክ ካርታ ፕሮፔን መያዛችሁን አያውቅም፣ ቀጥታ ወደ ዋሻው ይመራችኋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይና ዋሻ ግን ቫልቩ ከተዘጋ አርቪ ያሳልፋል፤ የመጠን ገደብ ስላለው ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ።

7. ጋዝ ከሸተታችሁ ወይም ማንቂያው ከጮኸ

መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያ በሁለቱም መንገድ ብልጭታ ይፈጥራል። ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አትደውሉ፣ ሞተር አታስነሱ። የሚነድ እሳት ካለ አጥፉ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ሲሊንደሩ ጋ በደህና መድረስ ከቻላችሁ ቫልቩን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉ። ጋዙ በኃይል እየተፋ ከሆነ ግን አትጠጉ። ከራቃችሁ በኋላ 911 ደውሉ።

ሽታው ጠፋ ብላችሁ ወዲያው አትመለሱ። ወለሉ ላይ የተኛው ጋዝ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ያፈሰሰው ቦታ ተገኝቶ፣ ተጠግኖ፣ በግፊት እስኪፈተሽ ድረስ ቫልቩ እንደተዘጋ ይቆይ።